ከቱቦው በታች

«ጻፊ እንጂ፣ ምን ያስተክዝሻል?» አላት አባቷ፣ የሞላውን ጠርሙስ በፎጣ እያደረቀ።

ልጅቷ ተለጣፊውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዕሩን እንደያዘች ቀርታለች። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋለች። የቀራት ውሃው የተቀዳበት ቦታ ነው። እሱ ያዘዛት «ከቱቦው በታች» ብላ እንድትጽፍ ነው። ውሃው ግን ከቱቦው በላይ፣ እዚሁ ከቆሙበት ድንጋይ ሥር፣ ዓይኗ እያየ ነው የተቀዳው።

ቱቦው የቆዳ ፋብሪካው ነው። ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ወንዙ ውስጥ ይተፋል። ከሱ በላይ ውሃው ጠጠሩን ያስቆጥራል። ከሱ በታች ጥቁር አረፋ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያንን ውሃ አይቶ ያነበዋል። ላቦራቶሪ ግን ወንዙን አያይም። ላቦራቶሪ የሚያየው ጠርሙሱንና ወረቀቱን ነው።

አባቷ የአካባቢ ጥበቃ ሹም ነው። በየሦስት ወሩ ከቱቦው በታች ውሃ ቀድቶ ያስመረምራል፤ መርዝ ከተገኘ ፋብሪካውን ማስቆም የሱ ሥልጣን ነው። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ወረቀቱን የምትጽፍለት እሷ ናት። ትኮራበት ነበር።

አምና ሰው ነበር። የበላዩ ጠርቶ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ቢመክረው አልሰማም፤ ፋብሪካውን አሥራ አንድ ቀን አስቆመው። ከዚያ መዝገብ ቤት አስገብተው ስምንት ወር አቧራ አስቃሙት። ውሃው የጠራለት ሰፈር አንድ ቀን «እንዴት ሰነበትክ» አላለውም። ሥራ የፈቱት ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው ሰደቡት፤ ጎረቤቱ ደግሞ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ ሳቀበት። ባለፈው ወር ወደ ቦታው መለሱት። ወንበሩ ያው ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ግን ሌላ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ከላይ የተቀዳ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጻፊ። አንድ ጊዜ ጀግና ሆኜ አይቼዋለሁ። ይበቃኛል።»

ልጅቷ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛ አለቻት፤ በቁመቷ ቀጭኔ ነው የሚሏት። የቀጭኔ እናት ከቱቦው በታች የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋት፤ ቀጭኔም ከትምህርት ቤት መልስ ውሃው ውስጥ ገብታ ታግዛታለች። በዚህ ሙቀት ወፍራም ካልሲ ስለምታደርግ ልጆቹ አዲስ ፋሽን ነው ወይ እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም እናንተ ፋራዎች ምን ይገባችኋል ትላቸዋለች። ሐሙስ ዕለት ግን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ አሳየቻት። ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ባቷ ቆዳዋ ተልጧል፤ ያልተላጠው ውሃ ቋጥሯል። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጥተው ዳግመኛ ወንዙ ውስጥ እንዳትገባ አስጠንቅቀዋታል። እናቷ ስለ ወንዙ የት ሄደን እንክሰስ ብላ ስትጠይቅ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮውን ነገሯት።

«የሚከሰሰው አባትሽ ጋ ነው አሉን» አለች ቀጭኔ እየሳቀች። «ተመስገን ነው፣ ዘመድ አለን። ንገሪልኝ እሺ?»

ነግራዋለች። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ፣ የጎረሰውን ሳያላምጥ አዳመጣት። ቅባቱን በደንብ ትቀባ አለና ተነሣ።

«ስለ ቀጭኔ እግር ነግሬህ ነበር» አለችው አሁን።

«ለሰው እግር ስታለቅሺ የራስሽን ቤት እንዳታፈርሺ» አለ። ዓይኑ ግን ጠርሙሱ ላይ ነው፤ እሷን አያይም። «ትጽፊያለሽ አትጽፊም?»

ብዕሩንና ወረቀቱን ዘረጋችለት። «አንተ ጻፈው።»

አባቷን እንዲህ ብላው አታውቅም። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣ በተሻላት። እሱ ግን ብዕሩን ተቀበለና ጎንበስ ብሎ፣ ፊደሎቹን እያንጋደደ፣ «ከቱቦው በታች» ብሎ ጻፈ። ከጠርሙሱ ላይ ለጠፈው፤ በረዶ የተሞላው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ሳጥኑን የሚወስደውን ሹፌር ሊጠራ ዳገቱን ወጣ። ከጀርባው ሲያዩት ስምንቱን ወር መዝገብ ተሸክሞ የኖረ ይመስላል።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ መጠባበቂያ ጠርሙስ አለ።

ልጅቷ የአባቷን ጓንት አጠለቀች። ጠርሙሱን ይዛ ቱቦውን አልፋ ወረደች። እንዳስተማራት ክዳኑን ጎንበስ ብላ ከፈተች፤ ትንፋሿን ይዛ ከአረፋው ሥር ሞላችው። አድርቃ ስትመለስ ጓንቱን አውልቃ አዲስ ወረቀት አነሣች። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። ቦታውን፣ በዚያ ባማረ ጽሑፏ፣ አንዲት ፊደል ሳታንጋድድ ጻፈች።

ጠርሙሱን ከሱ ጠርሙስ አጠገብ አቆመችው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ አንዱ ውሃ እንደ መስታወት፣ ሌላው እንደ ቀለም።

አባቷና ሹፌሩ እያወሩ ቁልቁል ሲመጡ ሰማች። የሳጥኑ መክደኛ እጇ ላይ ነበር። መሬት ላይ አኖረችው፤ ሳጥኑን ክፍቱን ተወችው። አንዱን ማውጣት ከፈለገ በገዛ እጁ ያውጣው፣ ሰው እያየው።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና አባቷን ፊት ለፊት ታየው ጀመር።