ልባቸው ቀድሞ ሰማ

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ እኔ ከሚስቁት ነኝ። ወገዳ ጤና ጣቢያ ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው እያሉ የሚያመጡትን ሁሉ መርፌ ወግቼ የሸኘሁ ሴት ነኝ፣ እና ይህን ስነግራችሁ አበደች እንዳትሉኝ።

አያ ውበቱ የሚባሉ ገበሬ ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ እኛ ዘንድ ተኝተው ነበር። በዚያው ሰሞን እስቴ የተዳረችው አንድያ ልጃቸው ጥሩወርቅ በወሊድ ሞተች። ዘመዶቿ ቀብረዋት፣ በማለዳ ሽማግሌ ይዘው ሊያረዷቸው ሲመጡ በር ላይ ያዝኳቸው፣ «ዝም በሉ! ልባቸው ደም ሞልቶት ተወጥሯል፣ ልቡ እንዲህ የደከመ ሰው ደሙ ቀድሞውንም የድንጋጤ ሆርሞን ሞልቶታል፣ እናንተ ከጨመራችሁበት ያበቃላቸዋል» አልኩ። ጥቁሩን አስወለቅኳቸው፣ የክት ልብስ ተዋውሰው እየሳቁ ገቡ። የልጅቱ አክስት የሳቀችውን ሳቅ ምነው ባልሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ አያ ውበቱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ልቤ ደንግጧል።»

«ምን አስደነገጠው፣ አያ?»

«እኔማ ምን አውቄ፣ ማንም ምንም አላለኝ። እሱ ግን የሰማው ነገር አለ።»

ማዳመጫዬን ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ። ልባቸው ይጋልባል፣ ይሄስ አይገርምም፣ ግን ከምቱ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ አለ፣ መጀመሪያ ውኃ የቋጠረ ሳንባ መስሎኝ ነበር፣ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ማርያምን፣ የሴቶች ለቅሶ ነው፣ ሙሾ ያወርዳሉ፣ መሃል ላይ «ጥሩዬ! ጥሩዬ!» ይላሉ። ከጆሮዬ ነቀልኩት። ክፍሉ ጭጭ ብሏል፣ አክስቷ ፈገግ ብላ ቆማለች።

«ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ አለኝ።»

«እኔንም እንዲሁ ይዋሸኛል» አሉና ዘመዶቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። «ጥሩዬ ብቻ ቀረች።» አክስቷ ጭራሽ ሳቀች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ሳይመሽም ሞቱ፣ ለልጃቸው አንዴ እንኳ ሳያለቅሱላት።

ሐኪሙ የሰማሽው ሳንባቸውን ነው አለኝ፣ ይሁን። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ደም ግፊቴም ልክ ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ ልቤ በከንቱ ይደነግጣል፣ ባሕር ዳር ያለው ልጄም ስልክ አያነሳም፣ ኔትወርክ ነው ይሉኛል። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ለማድረግ አልደፈርኩም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እህቴ ሳትደውል ከንፋስ መውጫ መጣች፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ምኑንም ምኑንም እያወራች ትስቃለች።