ለሁለታችን የምትሆን ጀልባ

«እዚያ ጋ አትርገጪ! ትናንት ነው የተቀባው» አለ አሠልጣኙ።

ፌንጣ እግሯን አየር ላይ አስቀረችው። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የጀልባ ክበቡ ልጆች ናቸው፤ ከገመድ ገመድ ስትዘል አይተው። የጀልባዋን የውስጥ ወለል አንዱን ሳንቃ ያነሣችው ከሥሩ ያለውን ልታይ ነበር። ያገኘችው ግን የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሌላው የጀልባዋ ክፍል እርጅናውን ሳይደብቅ ቁጭ ብሎ፣ ማንም የማያየው ጉድጓድ ለምን ተቀባ?

እሷና አባቷ ያገለገለ የሸራ ጀልባ መፈለግ ከጀመሩ አምስት ወር ሆኗቸዋል። አባቷ የሚፈልገው አራት አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር ያላት ጀልባ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡን ይዞ ከደሴት ደሴት ሊዞርባት። ፌንጣ ደግሞ ምሰሶዋ ረጅም የሆነ፣ ቀለል ያለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወዳደርባት ጀልባ ነው ያማራት።

«ያንቺዋ ውስጥ ቆመን ልናድር ነው» ይላታል።

«ያንተዋ ደግሞ ቤት ናት። ሸራ የተሰቀለባት ቤት!»

ሁለቱንም የምትችል አንዲት ጀልባ አጥተው ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ነው አሠልጣኟ «የኔን ለምን አታዩዋትም?» ያለው። ይኸው አሁን የብስ ላይ በእንጨት ተደግፋ ቆማለች። አባቷ በፊተኛው ክፍል ጫማውን አውልቆ አልጋ እየሞከረ ነው። «እግሬ ገባ! ሙሉ በሙሉ ገባ!» ሲል ይሰማል።

አሠልጣኙ ጠጋ አላት። «ስሚ፣ ለትልቁ ውድድር ቡድን አንድ ቦታ ቀርታኛለች። ጀልባዋ በዚህ ሳምንት የእናንተ ከሆነች ቦታዋ ያንቺ ናት። አባትሽ ጀልባ የሚመረምር ባለሙያ ምናምን እያለ ነገር እንዳያበዛ ገፋ ገፋ አድርጊው፣ እሺ?»

ፌንጣ ያቺን ቦታ ሁለት ዓመት ጠብቃታለች። ልቧ ዘለለ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከናት። ይህ ሰው ሲናገር ድምፁ ወደቡ ማዶ ይሰማል። ዛሬ ምን አንሾካሾከው?

«ውሃ ጠጥቼ ልምጣ፣ ኮች» ብላ በመሰላሉ ወረደች።

ወደ ውሃው ግን አልሄደችም። አምና ራሱ አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ እየሣለ ያስተማራቸው ትዝ አላት፤ ጀልባ በፍጥነት እየሄደች ከሥር ድንጋይ ከመታች፣ ከሆዷ ሥር የወረደው ከባድ ብረት ወደ ኋላ ተገፍቶ በኋላ ጫፉ ሆዷን ይሰነጥቃል። ስለዚህ የብረቱ የኋላ ጫፍ ከሆዷ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መዳበስ ነው። ጎንበስ ብላ ዳበሰች። እዚያም አዲስ ቀለም አለ፤ ከሥሩ እንደ ድሮ ቁስል ያበጠ መስመር፣ መዳፏን የሚያህል። ልክ ከበላዩ ያ ነጩ ጉድጓድ አለ።

የአሠልጣኙ ጫማ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ድሮ አሸዋ ነካ አድርጋ ነው። ተጠግናለች።»

«ማን ነው የጠገናት?»

«እኔው ነኛ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስቢው እስኪ። አባትሽ ይህን ከሰማ ሁለተኛ ጀልባ የሚባል ነገር አያይም። አንቺም ያለ ጀልባ፣ ያለ ቦታ ትቀሪያለሽ።»

ክፋቱ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

«ፌንጢዬ!» የአባቷ ፊት በፈገግታ ተሞልቶ ከላይ ብቅ አለ። «አራታችንም እንተኛለን! ምን ትያለሽ?»

«አሪፍ ናት» ብትል ነገሩ ያልቃል። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት አላየችውም። ነገር ግን ከየብስ ርቀው ሳሉ ታናሽ ወንድሟ ያ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ውሃው ከወለሉ ሥር እየሞላ ሲመጣ ታያት።

«አባዬ፣ ውረድ» አለች። «የምትዳብሰው ነገር አለ።»

ጫማውን በእጁ ይዞ ወረደ። ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ። አልጮኸም።

«ልትነግረኝ ነበር?» አለው አሠልጣኙን።

አሠልጣኙ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። አባቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ብዙ ቆየበት።

መኪና ውስጥ፣ ሁለተኛው መብራት ላይ ሲቆሙ አባቷ ወደ እሷ ዞረ።

«ስታንሾካሹኩ ምን ነበር ያለሽ?»

«ቡድኑ ውስጥ ቦታ አለሽ ነበር ያለኝ። ከገዛን።»

አባቷ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ፌንጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አሠልጣኙ ወይ ቦታውን ይከለክላታል፣ ወይ አፏን ለማስዘጋት ይሰጣታል። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት።

«ሰኞ ልምምድ ትቀሪያለሽ በያ?»

ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች።

«አልቀርም። ቦታው በምን እንደሚሰጥ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት እጠይቀዋለሁ።»