መጽሐፉን የጣለው እጅ

«አንተ ያላየኸውን ዓለም አለ ብለህ ትሟገታለህ፤ እኔ ያላየሁትን አለ ስል ግን ትስቃለህ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ይህን ያለችው ሚጢጢ ከሰሌዳው ፊት ቆማለች። በቁመቷ እየቀለዱ ይህን ስም ያወጡላት ልጆች ዛሬ በኩራት ይጮሁታል። ተከራካሪዋ ፕሮፍ ነው፤ ከመጻሕፍት ተለይቶ ስለማያውቅ «ፕሮፌሰር» ብለው ጀምረው ያሳጠሩለት ልጅ። የክርክሩ ርዕስ «አገርን ያቆመው እምነት ነው ወይስ ሳይንስ?» የሚል ነበር። ፕሮፍ ገና አፉን ሲከፍት «እኔ በፈጣሪ አላምንም» ብሎ እርፍ! ቀጥሎም ከኛ ሌላ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዓለማት ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ የኛም ዓለም እንዲያው በአጋጣሚ የተገኘ ሊሆን እንደሚችል ሲናገር ክፍሉ በጉርምርምታ ተሞላ።

«ሂሳቡ ያሳያል» አለ ፕሮፍ አሁን።

«ሂሳቡ ‹ሊሆን ይችላል› ነው የሚለው። ራስህ ነህ ያልከው!»

ሳቁ ጣራ ነካ። የፕሮፍ ፊት ደም መሰለ።

«እሺ፣ እናትሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ቀኑን ሙሉ ጸሎት ስታነበንብ ማን ይሰማታል? ሞተሩ?»

ጥቂቶች ፍርፍር ብለው ሳቁ። ሚጢጢ ጆሮዋ ጋለ። መምህሩ «በቃ! ተቀመጡ!» ብሎ ፕሮፍን ገሰጸው፤ ደወሉ ተደወለና ክርክሩ ሳይቋጭ መምህሩ ወጣ።

መምህሩ ከበሩ ከመራቁ አለቃ ተነሣ። አለቃ የክፍሉ ተጠሪ ነው፤ ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ። ሁለት ወንበር ዘልሎ የያዘውን የጸሎት መጽሐፍ የፕሮፍ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ኮሌታውን ጨመደደ።

«አገር የሚያፈርሱት እንዳንተ ዓይነቶቹ ናቸው!»

ፕሮፍ በሁለት እጁ ኮሌታውን ለማስለቀቅ ተፍጨረጨረ። በዚህ መሃል የአለቃ ክርን ጠረጴዛውን መታው፤ ጠርዙ ላይ የነበረው የአለቃ የራሱ መጽሐፍ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

«መጽሐፉን ወረወረው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማን?»

«ፕሮፍ ነዋ!»

ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ወሬው እውነት ሆነ። ሚጢጢ ግን አጠገባቸው ነበረች።

ማምሻውን ቤት ስትደርስ እናቷ ሁሉንም ከጎረቤት ሰምታ ጠበቀቻት።

«እኔንም ሰድቦኛል አሉ።»

«አዎ።»

«እሰይ! ይባረራ! ሥራው ያውጣው።»

«መጽሐፉን ግን አልጣለም፣ እማ።»

የእናቷ እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ? ነገ ሰው ከሱ ጋር ቢቆጥርሽ ማን ዞር ብሎ ያይሻል? አፍሽን ሰብስበሽ ትምህርትሽን ተማሪ።» መኪናውን መልሳ አስነሣችው፤ ከዚያ በላይ መነጋገር አልተቻለም።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ሚጢጢን፣ ፕሮፍን፣ አለቃንና አየን ያሉ ልጆችን ቢሮ አስጠሯቸው። የፕሮፍ አባት፣ ሹፌር ናቸው፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሦስት ልጆች ተራ በተራ «ወረወረው» አሉ። አለቃ ወደ ሚጢጢ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «እናትሽን ነው የሰደበው። ደምሽን መልሺ» አላት።

«አንቺስ? ከሁሉም ቅርብ ነበርሽ አሉ» አሉ ዳይሬክተሯ።

ፕሮፍ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ከእሷ ምንም እንደማይጠብቅ ያስታውቃል። ቢባረር ደስ እንደሚላት ለራሷ አልካደችም።

«መጽሐፉ የአለቃ ነው» አለች። «ጠርዙ ላይ ነበር። አለቃ ፕሮፍን ሲያንቀው ክርኑ ጠረጴዛውን መታው፣ መጽሐፉ ወደቀ። የፕሮፍ እጆች ኮሌታው ላይ ነበሩ።»

«ውሸታም! ከመቼ ወዲህ ነው ለሱ የምትቆሚው?» ጮኸ አለቃ።

«አልቆምኩለትም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው አለቃን ትክ ብለው አዩት። «አንተ ቆይ። ሌሎቻችሁ ውጡ።»

ፕሮፍ ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰባት። «ሚጢጢ... አመሰግናለሁ። እኔ እኮ ትናንት...»

«አታመስግነኝ። እንዳንተ ያለ ሰው አልወድም።»

«ስለ እናትሽ ያልኩት...»

«እሱን ለእሷ ንገራት። ቤታችንን ታውቀዋለህ።»

ጥላው ሄደች። ወሬው ቀድሟት ነበር፤ የክፍሉን በር ስትከፍት ጫጫታው እንደ ተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ሚጢጢ የከሃዲ ጠበቃ» ተብሎ ተጽፏል። የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበሩት ልጆች ወደ ኋላ ተሰብስበው ቦታውን ባዶ ትተውላታል።

ሰሌዳ ማጥፊያውን አነሳች። ሁሉም እጇን ያያሉ። ትንሽ ያዘችውና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሄዳ ፊት ለፊት፣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደብተሯን አወጣች።