ከአሥራ ሁለት በታች

ግዝላን የመጨረሻውን ፕላስተር ለጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገችና «እንዴት ነው? አያምርም?» አለች።

ኢጃ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብላ አየች። ግድግዳው ላይ ሁለት የግራፍ ዓምዶች ቆመዋል። ብርቱካናማው የከተማዋ ልጃገረዶች አማካይ ውጤት ነው፤ እስከ ወረቀቱ አናት ተመዟል። ሰማያዊው ከአትላስ ተራራ መንደሮች መጥተው ማደሪያ ቤት የሚኖሩት ልጃገረዶች ነው፤ እንደ ጉቶ አጥሯል። ኢጃ የማደሪያው ልጅ ናት። ነገ የወላጆች ማኅበር ይህን ጥናት አይቶ ማደሪያው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ይወስናል። እሷስ ዘንድሮ ትጨርሳለች። በመስከረም ልትመጣ የቋመጠችው ታናሽ እህቷ ቱዳ ግን ማደሪያው ከተዘጋ መንደር መቅረቷ ነው።

ጥናቱን የሠራው ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የግዝላን ወንድም ነው። ግዝላን ሰሞኑን ከእሱ ሌላ ወሬ የላትም።

ኢጃ ተጠግታ በስተግራ ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች አነበበች። ውጤቱ ከሃያ ነው።

«ለምንድነው ሥሩ ከዜሮ ያልጀመረው? አሥራ ሁለት ነው የሚለው።»

«ኮምፒውተሩ ነዋ እንደዛ ያወጣው። እኔ ቀለሙን ብቻ ነው የመረጥኩት።»

«የእናንተ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ የኛ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ለግማሽ ነጥብ ስድስት እጥፍ አሳጠራችሁን።»

«ቁጥሩ ውሸት ነው እንዴ?»

አልነበረም። ኢጃን ያበገናትም ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን ታጋልጠው ነበር፤ ይሄ ግን ወገቡ ላይ የተቆረጠ እውነት ነው። ልትቀደው እጇን ሰነዘረች።

«በወላጅ ፊት ወንድሜን ልታዋርጂው ነው?» አለች ግዝላን። «ዓርብ ዓርብ እኛ ቤት ከማን ሳህን ነው ኩስኩስ የምትበይው?»

የኢጃ እጅ አየር ላይ ቀረ። ብትቀደው ነገ ሌላ ይታተማል፤ እሷም ቀናተኛ ተብላ ትቀራለች። ትልቅ ወረቀት ዘረጋች፤ ሥሩ ላይ ዜሮ ጻፈች። ሁለቱ ዓምዶች ትከሻ ለትከሻ ወጡ።

«ይሄማ ምንም አያሳይም፤ እኩል ናቸው» አለች ግዝላን።

«እሱን ነው የሚያሳየው።»

ቀጥላ ለሦስተኛ ዓምድ ቦታ ለካች። ከሥሩ «የመንደራችን ልጃገረዶች፣ ማደሪያው ከመከፈቱ በፊት» ብላ ጻፈችና እርሳሱን አስቀመጠች።

«ዓምዱስ?»

«የለም። ትምህርት ቤት ላልመጣ ማን ውጤት ይሰጣል?»

ግዝላን ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካች።

«የወንድምሽን አልነካም» አለች ኢጃ። «አጠገቡ ነው የምሰቅለው።»

ወረቀቱን በሁለት እጇ ግድግዳው ላይ ደግፋ ቆመች። ዞራ አላየችም። ክንዷ መዛል ሲጀምር ከጀርባዋ ግዝላን ከጥቅሉ ላይ ፕላስተር ስትቀድድ ሰማች።