ዊንተር ማለት ክረምት ነው

ግንዱ በቤቴል ጣት ሥር እንደ በሰበሰ ሙዝ ሰረጎደ። ጣቷን ስታነሳ ጠቆር ያለ ውሃ ተከትሎ ወጣ፤ ሸተታት።

«ሞቷል» አለች ጓደኛዋ ሀዊ፣ አጥሩን ተደግፋ ሸንኮራ እየመጠጠች። «ለቅሶ እንቀመጥ?»

«ዝም በይ እስቲ።»

ጎረቤታቸው እትዬ መንበረ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ በቀለም ባልዲ የተተከለውን ፕሉሜሪያ የተባለ የአበባ ዛፍ በአደራ የሰጡት ለቤቴል ነበር። «በበጋ ይተኛል» አሏት። «ቅጠሉን ጥሎ ዱላ ሲመስል እንዳትደነግጪ። ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሙቅ እንጂ ውሃ አትስጪው።»

ቤቴል ግን በእንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ስልኳን ከፍታ አነበበች፤ «በዊንተር አታጠጡ» ይላል። ዊንተር ማለት ክረምት ነው፤ ይህን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች። ክረምቱ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ዕድሜ ልካቸውን ዲላ ገበያ ቅመም የሸጡ ሴትዮ በጋና ክረምቱን ቢያምታቱ ምን ይገርማል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ውሃ ታጠጣው ጀመር። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ጠምቶት ነው ብላ ሁለት አደረገችው።

የፈረንጅ ዊንተር የሚውለው በኛ በጋ መሆኑን፣ የፈረንጅ ዛፍ በብርዱ ወር፣ የዲላው ደግሞ በደረቁ ወር እንደሚተኛ ማንም ፈተና ላይ ጠይቋት አያውቅም።

«ነገ ነው አይደል የሚመጡት?» አለች ሀዊ። «እኛ ግቢ ያለውን ቆርጠሽ ትከይበት። ቅጠል የሌለው ዱላ ሁሉ አንድ ነው።»

«የናንተ ነጭ ነው፤ የሳቸው ቀይ። ሲያብብስ?»

«እስኪያብብ ማን ያስታውሳል? አታካብጂ ባክሽ።»

አላካበደችም። ጭቃውን ደፍታ፣ ከነሀዊ ግቢ የቆረጠችውን በደረቅ አፈር ተከለች። የበሰበሰውን ከእንሰቱ ጀርባ ወረወረችው።

በማግስቱ እትዬ መንበረ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ፤ ቤቴልና እናቷ ግቢው ውስጥ ተቀበሏቸው። ቤት ሳይገቡ ባልዲውን ፈለጉ፤ ዱላውን ከታች እስከ ላይ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ጠንካራ ነው» አሉ። «እህቴ ጥሩብርሃን ከሐዋሳ እዚህ ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ያመጣችው እኮ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ፣ አበባው ሲፈነዳ መጣች እላለሁ። ዘንድሮ በዳነው ዓይኔ ላያት ነው።» ከቦርሳቸው ቢጫ ሹራብ አወጡና ቤቴል ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። «አደራ የማትበዪ ልጅ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም።»

ቤቴል ዓይኗን ከባልዲው አላነሳችም።

«አሜን አይባልም እንዴ?» ብላ እናቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አሜን» ያለችው እናቷ ናት።

ቤቴል ሹራቡን ከትከሻዋ አውርዳ ወደ እንሰቱ ጀርባ ሄደች። የተጣለው ግንድ እዚያው ነበር። ከሥሩ ጫነችው፤ ሰረጎደ። ትንሽ ከፍ አለች፤ አሁንም ሰረጎደ። ጫፉ ጋ ስትደርስ ግን ጣቷን መለሰው። ቢላዋ አምጥታ እዚያ ላይ ቆረጠችው። እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ጠብ አለ።

ስንዝር የማትሞላ ጉማጅ ናት የተረፈችው። ትጸድቅ ይሆን? ቤቴል አታውቅም። የሚያውቁት እትዬ መንበረ ናቸው። ስልኳን ከኪሷ አላወጣችም።

ሀዊ ከአጥሩ ማዶ አየቻት። «ወዴት ነው? አብደሻል? ምንም እኮ አላወቁም።»

«እኔ አውቄያለሁ።»

ሹራቡን አጥፋ በብብቷ ያዘች፤ ጉማጇን በሁለት እጇ ታቀፈች። የእትዬ መንበረን በር በክርኗ አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«ቤቴል ነኝ፣ እትዬ። ጥሩብርሃን ያመጡትን ይዤ ነው።»