በሁለት ጣት የረዘመው እጅጌ

ሹራብ የሚፈታው ከአንገቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከታች ይጀምርና ክሩ ይወሳሰብበታል፣ ይናደዳል፣ መቀስ ያነሳል። ሠሪው የጨረሰበትን ቦታ ፈልጎ ላገኘ ግን ክሩ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ነገር ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሥራዬ አሮጌ ሹራብ መፍታት ነው። ከሰልባጅ ነጋዴዎች ዘንድ ክርኑ የተቀደደውን፣ ብል የበላውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ገልብጬ የጎኑን ስፌት አያለሁ። በማሽን ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ እተወዋለሁ፤ ቢፈታ ቁርጥራጭ ነው የሚሆነው። ጠርዙ ያልተቆረጠ ከሆነ የኔ ነው። እፈታዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ የተጨማደደው ክር እንዲቃና ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንጠልጥዬበት አሰጣዋለሁ፣ ሲደርቅ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ አዲስ ሹራብ ይወጣዋል። ሰፈሩ «ፈቺዋ» ይለኛል። ለስድብ የወጣ ስም ነበር፤ እኔ ግን የሱቄ በር ላይ በትልቁ አስጻፍኩት።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። «ቆማ ቀረች» የሚሉኝ ጊዜ ማለት ነው። የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እስከ ዛሬም አልደከመም። ቤታችንም ሱቃችንም ያው አንድ ክፍል ነው። ታዲያ አንድ ሕግ ነበረን፤ ከበሩ በስተቀኝ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ይፈታል፣ በስተግራ ምስማሩ ላይ የተሰቀለ ይጠገናል። ደንበኛው ሁሉ ስለሚያውቀው እኛ በሌለንበትም አስቀምጦ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት አክስቴ ጎረቤት ሄዳ፣ እኔም ክር ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ ስመለስ፣ ወንበሩ ላይ ቡናማ ሹራብ ተቀምጦ አገኘሁ። ክርኖቹ አልቀዋል። ገልብጬ ሳየው ልቤ ደነገጠ። የእጅ ሥራ ነው፤ ያውም የጥንቁቅ ሴት እጅ። አንዱ የክር ዓይን ከሌላው አይበልጥ፣ አያንስ። ደረቱ ላይ እንደ ፀጉር የተጎነጎነ ሦስት ሹሩባ ወርዶበታል። «ወይ እጅ!» አልኩ ብቻዬን። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ።

ቀናሁና ፈታሁት። እስከ እኩለ ቀን ድረስ አልቆ፣ ታጥቦ፣ ገመድ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። እጁ በግራሶ ጠቁሯል። ከመንገዱ ማዶ ብስክሌት የሚጠግነው ሰውዬ ነው፤ ሰዎች «ቸርኬ» ይሉታል። እስከዚያን ቀን ድረስ ሰላም ተባብለን አናውቅም።

«ጠዋት ሹራብ ትቼ ሄጄ ነበር» አለ። «ክርኑ እንዲደፈንልኝ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«ቡናማ ነው። ደረቱ ላይ ሹሩባ ያለው።»

ዓይኔ ሳላዘው በጓሮው በር በኩል ወደሚታየው ገመድ ሄደ። የሱም ዓይን የኔን ተከትሎ ሄደ።

«ያ ነው?» አለ በቀስታ።

«ያ ነው።»

እዚያው በስተቀኝ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ይህን ጊዜ አክስቴ ከጥጓ ሆና፣ «ተነስ ልጄ፣ እዚያ የተቀመጠ ይፈታል» አለችው።

ማንም አልሳቀም። ቆይቶ ግን እሱ ራሱ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«የእናቴ እጅ ነው» አለ። «ከሠራችው ሁሉ የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለው ነበር። እኔ ይቅርታ ከአፌ አይወጣም፣ ከተፈጠርኩ ጀምሮ። «በቀኝ አስቀምጥ ያለህ ማነው?» አልኩት።

«በግራ አስቀምጥ ያለኝስ አለ?»

«አገር ያወቀው ነገር ነው!»

«እኔ ብስክሌት እንጂ አገር አልጠግንም።»

አክስቴ «ሁለት በሬ በአንድ ክፍል» ብላ ፊቷን አዞረች።

ጠርሙሶቹ ከክሩ ጫፍ ሲወዛወዙ ሁለታችንም እናያለን። በመጨረሻ፣ «እሠራዋለሁ» አልኩት። «ያንኑ ሹራብ።»

«የሷን እጅ ከየት ታመጪዋለሽ?»

«አንተ የምታስታውሰውን ንገረኝ። ሌላውን ለኔ ተወው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምሳ ሥራ ሲያቆም ወደኛ ይመጣ ጀመር። እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ፈትጎ ነው የሚመጣው። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። ሹሩባው ሦስት ነበር፣ መሃለኛው ወፈር ይላል። አንገቱ ጉሮሮ ጋ አያንቅም። ግራ እጅጌው ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል።

«ተሳስታ ነው?» አልኩት።

«እናቴ? እሷ አትሳሳትም!» አለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ልጅ ሆኜ ገበያ ስንሄድ ዘንቢሏን የምይዝላት በግራ እጄ ነው። ‹ይሄ እጅህ እየተጎተተ ረዘመ› እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ይህን ሠርታ ስታለብሰኝ ለካ ግራውን አስረዝማዋለች። ‹ዘንቢሌን አልረሳሁልህም› አለችኝ።»

መርፌዬን አስቀምጬ አየሁት። እሱም አየኝ። አክስቴ ስታስል ነው ዓይናችንን የሰበርነው።

ሥራው ግን አስቸገረኝ። እንደሷ ጠበቅ ያለ ዓይን እምቢ አለኝ፤ መርፌዬ ወፍራም ነው። ሁለቴ ጀመርኩት፣ ሁለቴ ፈታሁት። ይህን ያየው ቸርኬ በማግስቱ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ሁለት ሽቦ ነቅሎ፣ ቆርጦ፣ ጫፉን ሞርዶ አመጣልኝ። ሹል ስለነበር ክሩን ይሰነጥቀዋል። ወስዶ አዶለዶመው። ደግሞ ሻካራ ሆነ። በስንት ምልልስ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ፣ አንድ ቀን እንደ መስታወት የሚያንሸራትት መርፌ በጨርቅ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረ።

«ስንት ኪሎ ሜትር የሄደ ሽቦ ነው» አለኝ። «አሁን ደግሞ አንቺ ጋ ይረፍ።»

«እኔ ጋ ዕረፍት የለም» አልኩት። ጉንጬ ግን እሳት ሆኖ ነበር።

ክር ስጠቀልል በሁለት እጁ ዘርግቶ ይይዝልኛል። እጁ ስለታሰረ የትም መሄድ አይችልም፤ እኔም ሆን ብዬ ቀስ እላለሁ። ሁልጊዜ አንገቴ ላይ የማደርጋትን ቢጫ ሻርፕ ያያል። «ከዚች የማትለዪው ለምንድነው?» ሲለኝ ነገርኩት። በሕይወቴ መጀመሪያ ከፈታሁት ሹራብ የሠራኋት ናት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስንት ሰው ሽጪልኝ ብሎኝ እምቢ ብያለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያላሰብኳት ታላቅ እህቱን ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ እንደ እናት የሆነችለት እሷ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ያላት፣ ንጹሕ ለባሽ ሴት። አንድ ቀን እሱ ክር ይዞልኝ ተቀምጦ ሳለ በሩን ሞልታ ቆመች። የሹራቡን ነገር ሰምታ ኖሯል።

«እማዬ የሠራችውን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። መልሼ የምሠራውም እኔ ነኝ።»

«ሰው የጣለውን እየለቀመች የምትኖር፣ የእናቴን እጅ ልትመልስ? ወንድሜንስ እዚህ ምን ያስቀምጠዋል?» ዞራ አየችው። «ስንት የተማረች ሴት ፈልጌልህ፣ አንተ እዚህ ክር ትይዛለህ?»

እሱን አየሁት። አንድ ቃል ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እጁ ላይ የኔ ክር እንደተዘረጋ አንገቱን ደፋ።

ተነስቼ ክሩን ከእጁ ላይ አወለቅሁ። «የተጣለ መልቀሜ እውነት ነው» አልኳት። «ስለቅመው ግን ሰው ይለብሰዋል። ሹራቡ ሲያልቅ እደጃፋችሁ ድረስ አመጣዋለሁ።» ወደሱ ዞርኩ። «አንተም እስኪያልቅ ድረስ እንዳላይህ።»

ሄዱ። ምሳ ሰዓት መጣ፣ ሄደ። ክሩን የወንበር ጀርባ ላይ ዘርግቼ ጠቀለልኩ። ወንበር ደግሞ አያወራም።

ኩራቴን ይዤ ሠራሁ። ፊቱን ጨረስኩ፣ ጀርባውን ጨረስኩ፣ ቀኝ እጅጌ፣ ከዚያ ግራውን ከትከሻ ወደ ታች። እና ክሩ አለቀ። የክርኑ ክር አርጅቶ ተበጣጥሶ ስለነበር እንደሚያጥር ፈርቼ ነበር። ግራ እጅጌውን ከቀኙ ጎን አድርጌ ለካሁ። እኩል ናቸው። የጎደለው ያቺው ሁለት ጣት ናት፤ የዘንቢሏ።

አክስቴ ሁለት ቀን አየችኝ። «ተመሳሳይ ቡናማ ከሰልባጅ ፈልጊና ቀጥይው» አለች። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እኩል ነው ብለሽ ስጪው።»

«እሱ ያውቃል።»

«ይቺን ልጅ ማን ይምከራት!» አለች አክስቴ።

በማግስቱ ሻርፔን ከአንገቴ አወለቅሁ። ከጨረስኩበት ጫፍ ጀመርኩ። ሃያ አንድ ዓመት አንገቴ ላይ የኖረች ክር እንደ ውሃ ወረደች። ከግራው እጅጌ ጫፍ ላይ ሁለት ጣት ቢጫ ሠራሁ። ከሩቅ የሚታይ ቢጫ።

ሹራቡን አጥፌ መንገዱን ተሻገርኩ። እህትዬው እዚያው የወንድሟ መጠገኛ በር ላይ ነበረች። እሱ የተገለበጠ ብስክሌት ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ሲያየኝ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ሹራቡን ለሷ ሰጠኋት። ደረቱን አላየችም። ገለበጠችው። የትከሻውን ስፌት ተከትላ ሄዳ ጫፉን በጣቷ ያዘች።

«እማዬ ስፌት ስትጨርስ ሁለቴ ቋጥራ አንዴ ወደ ኋላ ትመልሰው ነበር» አለች። ድምጿ ሌላ ሆኗል። «ይህን እሱም አያውቀውም። ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ስፈታው እጄ አይቶታል።»

ሹራቡን ፊቷ ላይ አደረገችው። ቀና ስትል ቢጫውን አየች። «ይሄስ?»

«ይሄ የእናታችሁ አይደለም። ክሩ ጎደለ፣ በራሴ ሞላሁት። ላስመስል እችል ነበር፤ አላስመሰልኩም።»

እሱ መጥቶ ከእጇ ወሰደው። አንገቴን አየ፤ ባዶ ነው። ቢጫውን አየ። ለበሰው፣ ግራ እጁንም ወደታች ለቀቀው። ቢጫዋ መዳፉ ድረስ ወረደች።

አሁን ከሌላ ጊዜ ሁሉ የከበደኝን ነገር ተናገርኩ። «ቀኝ ወንበር ላይ ብታስቀምጠውም… እንዲያ ያለ እጅ ሳይ መጠየቅ ነበረብኝ። ቀንቼ ነው የፈታሁት።» ከዚያ በላይ ይቅርታ ከእኔ አይጠበቅም። መልሱን ሳልጠብቅ ዞሬ መንገዱን ተሻገርኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ እህትዬው ብቻዋን መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው። «ያን ቀን ዝም ያለው ፈርቶ እንዳይመስልሽ። በሰው ፊት መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ቤት ስንገባ ግን ‹ከዛሬ ጀምሮ እሷን የሰደበ እኔን ነው› አለኝ። ይኸው ሰባት ሳምንቱ፣ ከኔ ጋር በወጉ አልተነጋገረም።» ትንሽ አመነታች። «እጅሽን እማዬ ብታየው ትወደው ነበር።»

እሷ ስትወጣ እሱ ገባ። ሹራቡን ለብሷል፤ ያውም በዚያ ሙቀት! ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። በስተግራ ሄዶ፣ ከጥገናው ምስማር ሥር፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ።

«ምን ትሠራለህ እዚያ?» አልኩት።

«ሕጉን ተምሬያለሁ» አለ። «በዚህ በኩል ያለ አይፈታም፤ ይጠገናል። ለዘለቄታው ልቆም ነው የመጣሁት፣ ከፈቀድሽ።»

መርፌዬ ላይ ያለውን ዓይን መቁጠር ጀመርኩ። ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ሦስቴ ተሳሳትኩ።

«ፈቅዳለች!» አለች አክስቴ ከጥጓ። «እሷ እስክትናገር ከጠበቅህ ግድግዳው ይፈርሳል።»

ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነን። ዛሬ ስድስት ሴቶች አብረውኝ ይፈታሉ፣ መርፌያችንን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፤ ከብስክሌት ሽቦ። ቡናማው ሹራብም አንዴ ደግሜ ፈትቼዋለሁ። በገዛ እጄ፣ እያወቅሁ፣ ለሴት ልጃችን። ግማሹ ክር በእርጅና ተበጣጥሶ ስለነበር አሁንም ጎደለ። ይህን ጊዜ እህትዬው የራሷን ግራጫ ሻል ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ ጣለችው። «ሙዪበት» አለች። «እኔም ልግባበት እንጂ!» ጨርቅ ነጋዴዋ ሴትዮ!

ባለፈው ልጄ ትምህርት ቤት ልትሄድ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። ግራውን ጎተተች፣ ቀኙን ጎተተች።

«እማዬ፣ ይሄኛው እጅጌ ይረዝማል እኮ። ተሳስተሻል?»

«እኔ?» አልኳት። «እኔ አልሳሳትም።» የገበያ ዘንቢሌን አንስቼ በግራ እጇ አስያዝኳት። «ያዢልኝ። ትደርሺበታለሽ።»