ሦስት ቁጥር ጉድጓድ ያለ መብራት ተነሳ

ስሜን አልቀየርኩም፤ ዘላለም ነኝ። ቦታውንም አልቀየርኩም። ከቆቦ ወደ ዋጃ ስትሄዱ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ሽንኩርት ማሳው መሃል ያሉ የመስኖ ጉድጓዶች ናቸው። ውሸታም የሚለኝ ካለ ይበለኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ግንቦት 2001 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ማታ አይደለም... ጠራራ ፀሐይ ነው።

እኔና ካሳው የኤሌክትሪክ ሰዎች ነበርን። እሱ ኢንጂነር፣ እኔ ቴክኒሻን። ስድስት ጉድጓድ ከአንድ ክፍል ሆነን እናንቀሳቅሳለን፤ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በጀነሬተር። ለእያንዳንዱ ፓምፕ ድራይቭ የሚባል ሳጥን ገጥመንለታል። ሞተሩ ዘሎ እንዳይነሳ ኃይሉን እየመጠነ የሚለቅለት እሱ ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ ሞተሩ ሲነሳ ከዜሮ እስከ ሃምሳ ትቆጥራለች። በቃ፣ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

ታሂር የዋጃ ልጅ ነው፤ የፓምፕ ሠራተኛችን። ኬብል ሊነካ ሲሄድ ክፍላችን ውስጥ ያለውን የጉድጓዱን ማብሪያ ያወርድና ፎጣውን እጀታው ላይ ጥብቅ አድርጎ ያስራል።

«ፎጣዬ እዚህ ካለ እኔ ጉድጓዱ ጋ ነኝ» ይለን ነበር።

ማብሪያው ቁልፍ የለው፣ ምልክት የለው። የሁላችንም ሕግ የታሂር ፎጣ ነበር።

የዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ ጉድጓዶቹን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። አምስቱ ጉድጓዶች ውሃ ይተፋሉ፣ ሦስት ቁጥር ቆሟል። ካሳው በላብ ተጠምቆ እየሮጠ ገባ። ፎጣውን አየው።

ፈታው። ዓይኔ እያየ ፈታው!

«ኢንጂነር፣ ታሂር እኮ...»

«ጨርሷል። ዝም በል።»

እጀታውን ወደ ላይ መታው። ዘልዬ ማቆሚያውን ስጫን መስኮቷ አስራ አንድ ላይ ደርሳ ነበር። በክፍሉ መስኮት ታሂርን ጠራሁት... እርጥቡን ኬብል እንደያዘ ተደፍቷል።

ለፖሊስ የተሰጠውን ቃል የጻፈው ካሳው ነው። «ሟች ራሱ ተዘናግቶ፣ ኃይል ሳያጠፋ ኬብል ነካ» ይላል። እኔ ፈረምኩ። እንጀራዬን ፈርቼ ፈረምኩ፤ እግዚአብሔር የእጄን ይስጠኝ።

በራያ ደም ያለ ባለቤት አይቀመጥም። ገዳዩ ይታወቃል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ እርቅ ይወርዳል። የታሂር ደም ግን ባለቤት የለውም ተባለ። ቀብሩ ዕለት እናቱ አሲያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ አንተ እዚያው ነበርክ። ማን ነው?»

«ማንም የለበትም፣ እማ አሲያ።»

ክንዴን ቶሎ አልለቀቀችውም።

አርባው ባለፈ ሳምንት ሦስት ቁጥር ጉድጓድ በራሱ መነሳት ጀመረ። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ። መስኮቷ አስራ አንድ ትደርስና... ትቆማለች።

መጀመሪያ የነገርኳችሁ ቀን ደረሰ፤ ካሳው በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ሊቀየር ነው። ዕቃውን ጭኗል። እንዲህ አድርጎ ሊያመልጥ! ጣቢያውን ሳያስረክብ ግን መሄድ አይችልም፤ ማንም ደግሞ በራሱ የሚነሳ ጉድጓድ አይረከብም።

ያን ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሁሉንም ዘጋን። ዋናውን መስመር አወረድን። የጀነሬተሩን ባትሪ ፈትቼ አምጥቼ እግሬ ስር አስቀመጥኩት።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል የሦስት ቁጥር መስኮት በራች።

«ኢንጂነር... እያት።»

«ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ኃይል ነው።»

«እሱ ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«አምስት... አስር ቢበዛ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው የተዘጋው!»

 ከንፈሩ ደርቋል። «ኬብሉን ከጉድጓዱ አፍ ላይ እፈታዋለሁ። ያኔ ምን ይነሳል?» አለኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ ያደረገውን ስሙኝ። ጃኬቱን አወለቀና በእጅጌው እጀታው ላይ አሰረው። ደግሞ ጥብቅ አድርጎ፣ ልክ እንደ ታሂር!

«እዚህ ቁም። ማንም እንዳይነካው።»

«ከእኔ ሌላ ማን አለና?»

ወጣ።

ለራሱ ነፍስ ሲሆን አወቀበት! ደሜ ፈላ። በክፍሉ መስኮት አየዋለሁ፤ ጉድጓዱ ጋ ደርሶ ጎንበስ አለ። ወደ ጃኬቱ ዞርኩ።

ቋጠሮው... እየላላ ነው።

ንፋስ የለም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ አልነካሁትም። አንዱ እጅጌ ተሳበ፣ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ ጣት ያለው ሰው እንደሚፈታው። ጃኬቱ መሬት ወደቀ።

እጀታው ወደ ላይ ሄደ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

የክፍሉ መስኮት ክፍት ነበር። ብጮህ ይሰማኝ ነበር። ጊዜ ነበረኝ።

አልጮህኩም። እውነቱን ልንገራችሁ... ደስ ብሎኝ ነበር።

አስራ አንድ ላይ ቆመች። ካሳው በግንባሩ ተደፍቷል። የጀነሬተሩ ባትሪ አሁንም እግሬ ስር ነው።

ፖሊስ ሲጠይቀኝ «ተዘናግቶ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካሳው ሞተ፤ የሐሰት ቃል ላይ የፈረምኩት እኔ ግን አለሁ። አሲያ ይቅር ካላለችኝ ቀጣዩ እኔ ነኝ፤ ይህን ሆዴ ያውቀዋል። በሳምንቱ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ቤቷ ሄድኩ። ሽማግሌ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። በዳይ ድንጋዩን ራሱ አያወርድም፤ ተበዳይ «አንሱለት» ሲል ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚያወርዱለት። እኔ ግን አፍሬ ብቻዬን ሄድኩ።

ረፋድ ላይ ነው። ግቢዋ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ፎጣውን፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም።

አላለቀሰችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እስክትመጣ ነው የጠበቅነው፣ ልጄ።»

የጠበቅነው... ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት።

«እማ አሲያ፣ ለአላህ ብለሽ... ይቅር በይኝና አንሺልኝ። ከበደኝ።»

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልህ። ግን የተበደለው እሱ ነው። እስኪ እሱን ለምነው» አለችና ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች። ሁለቱንም እጆቿን አያቸዋለሁ።

ድንጋዩ ግን ወደ ታች እየተጫነኝ ነበር። ከድንጋዩ ጠርዝ አልፈው ማጅራቴን የነኩት ጣቶች የእኔም የእሷም አይደሉም... እርጥብና ቀዝቃዛ ነበሩ።